ኤፍ የሰጠሁት ቡድን

ፌብሩዋሪ 2025 መጀመሪያ ላይ፣ ቅዳሜ ሌሊት ስድስት ሰዓት ትንሽ አለፍ እንዳለ ስልኬ ጮኸ። በዚያ ሰዓት የሚጮህ ስልክ ለሐበሻ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃላችሁ። ማን ሞተ ብዬ ብድግ አልኩ።

የደወለው የእህቴ ልጅ ነው። «ጋሼ፣ ተኝተሃል? ሉካን ሰጡት!» አለኝ። እናቱ አንቱ በል እያለች ብዙ ደክማለች። ልጁ ሲረጋጋ አንቱ ይለኛል፣ ሲደነግጥ አንተ ይለኛል። ያን ሌሊት ደንግጦ ነበር።

ማንም እንዳልሞተ ሳውቅ ቁጭ ብዬ ዜናውን ከፈትኩ። በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ፣ በኤንቢኤ፣ ዳላስ ማቭሪክስ የ25 ዓመቱን ኮከብ ሉካ ዶንቺችን ለሎስ አንጀለስ ሌከርስ ሰጥቶ አንቶኒ ዴቪስን ወስዷል። መጀመሪያ ዜናውን ያወጣው ጋዜጠኛ አካውንቱ ተጠልፎ ነው ያለ ሰው ብዙ ነበር። እኔም ከነሱ አንዱ ነኝ።

«ሌከርስ ኤ ፕላስ፣ ዳላስ ኤፍ» አለ ልጁ፣ ለልውውጡ እንደ ፈተና ማርክ እየሰጠ። ዜናው ከወጣ ገና ሩብ ሰዓት አልሞላውም።

«ዩታስ?» አልኩት።

«ዩታ ምን አገባት?»

አገባት እንጂ። ልውውጡ የሦስት ቡድን ነበር። ዩታ ጃዝ ጄለን ሁድ-ሺፊኖ የሚባል ወጣትና ሁለት የሁለተኛ ዙር የድራፍት ምርጫ (ቡድኖች በየዓመቱ አዳዲስ ወጣቶችን በተራ የሚመርጡበት መብት) ደርሶታል። ግን ማን ልብ ይላል? ሁለት ትልልቅ ስም ባለበት ቦታ ሦስተኛው ሰው ሁልጊዜ ውሃ ቀጂ ነው።

ስልኩን ዘግቼ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ተነስቼ ቁም ሳጥኑ ላይ ካለው ካርቶን ውስጥ አንድ አሮጌ ደብተር ፈልጌ አወጣሁ። ልጁን ለመምከር አስቤ አልነበረም። እኔ ራሴ በዚያ ፍጥነት ፈርጄ ምን እንደገጠመኝ ማየት ፈልጌ ነው።

ደብተሩ የ2012 ነው። (እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ የፈረንጅ ናቸው።) ያኔ አንድ ሆቴል ውስጥ የሌሊት ፈረቃ እሠራ ነበር። ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት በኋላ እንግዳ እምብዛም አይመጣም። እንቅልፍ እንዳይጥለኝ ስለ ቅርጫት ኳስ እጽፋለሁ። ማንም እንዲያነበው አይደለም፣ እንዲሁ ነው።

ኦገስት 10 ቀን በሚለው ገጽ ላይ አራት መስመር አለ። ሌከርስ፣ ኤ። ፊላዴልፊያ፣ ኤ ማይነስ። ዴንቨር፣ ቢ ፕላስ። ኦርላንዶ፣ ኤፍ። ኤፉ በቀይ እስክሪብቶ ነው። ሁለቴ አስምሬበታለሁ።

ጉዳዩ የድዋይት ሃዋርድ ልውውጥ ነው። ሃዋርድ ከኦርላንዶ ማጂክ ወደ ሌከርስ ሄደ። የሌከርሱ አንድሪው ባይነም ወደ ፊላዴልፊያ ሰቨንቲሲክሰርስ። የፊላዴልፊያው አንድሬ ኢግዋዳላ ወደ ዴንቨር ናጌትስ። ኦርላንዶ ደግሞ ከየቤቱ የተራረፈውን ሰበሰበ። ከዴንቨር አሮን አፍላሎንና አል ሃሪንግተንን፣ ከፊላዴልፊያ ኒኮላ ቩቼቪችንና ሞ ሃርክለስን፣ ከሌከርስ ጆሽ ማክሮበርትስንና ኮንጓዊውን ክርስቲያን ኤየንጋን ወሰደ። በላዩ ላይ እንዲህ ከሆነ እንዲህ ይሆናል የሚል ሐረግ የበዛባቸው የድራፍት ምርጫዎች ተጨመሩለት። በጠቅላላ 12 ተጫዋች በአንድ ቀን ቤት ቀየረ።

የእግር ኳስ ዝውውር የለመደ ሰው እዚህ ጋ ግራ ይጋባል። እዚያ ተጫዋች የፈለገ ክለብ ገንዘብ ይከፍላል፣ አለቀ። በኤንቢኤ ግን የተጫዋች ዋጋ ሌላ ተጫዋች ነው። ሊጉ ካወጣው የደመወዝ ጣሪያ በላይ የሆነ ቡድን የሚቀበለው ደመወዝ ከሚሰጠው ብዙም መብለጥ የለበትም። ሃዋርድ በዚያ ዓመት ወደ 19.5 ሚሊዮን ዶላር ይከፈለው ነበር። ስለዚህ ሌከርስ ወደ 17 ሚሊዮን የሚከፈለውን ባይነምን ማውጣት ግድ ሆነበት። ኦርላንዶ ደግሞ ባይነምን አልፈለገም። ፊላዴልፊያ ፈለገው፣ ግን በምትኩ የሚሰጠው ትልቁ ደመወዝ ኢግዋዳላ ነው። ኢግዋዳላ 28 ዓመቱ ነው። ቤቱን አፍርሶ ከመሠረቱ ሊገነባ ላሰበ ቡድን የ28 ዓመት ኮከብ ምን ይሠራለታል? አራተኛ ቡድን ተፈለገ። በድሮው አዲስ አበባ የቀበሌ ቤት ሲለዋወጥ ያየ ሰው ነገሩ ወዲያው ይገባዋል። አንዱ ካዛንቺስ ይፈልጋል፣ የካዛንቺሱ መርካቶ ይፈልጋል፣ የመርካቶው ደግሞ ሁለት ክፍል ካልሆነ አልወጣም ይላል። ደላላው ሁሉንም አሰልፎ ባንድ ቀን ያስለቅቃቸዋል። አንዱ እምቢ ካለ ሁሉም ዕቃውን ጭኖ ደጅ ያድራል።

ሃዋርድ እንዲሄድ ያደረገው ነገር ራሱን የቻለ ድራማ ነው። አንዷን ቀን ብቻ ላንሳ። ኤፕሪል 5 ቀን 2012 የኦርላንዶ አሰልጣኝ ስታን ቫን ገንዲ ዳየት ፔፕሲውን ይዞ በጋዜጠኞች ተከቧል። ሃዋርድ አሰልጣኙ ይባረርልኝ ብሏል የሚባለው እውነት ነው ወይ ብለው ጠየቁት። ቫን ገንዲ አልሸፋፈነም። አዎ፣ ከአለቆቼ ሰምቻለሁ አለ። ይህን ተናግሮ ብዙም ሳይቆይ ሃዋርድ ራሱ ከች አለ። ምን እንደተባለ አልሰማም። የአሰልጣኙን ትከሻ አቅፎ በፈገግታ ለካሜራው ቆመ። ቫን ገንዲ ፔፕሲውን ተጎነጨ። ያንን ምስል ብዙ ጊዜ ደጋግሜ አይቼዋለሁ። ሁልጊዜ የማየው የአሰልጣኙን ዓይን ነው።

በሜይ ወር ቫን ገንዲ ተባረረ። ሃዋርድ ግን ልሂድ ማለቱን አልተወም። ብሩክሊን ኔትስ ብሩክ ሎፔዝ የሚባል ተጫዋች ይዞ መጣ፣ ኦርላንዶ አልቀበልም አለ። ኦርላንዶን በሥራ አስኪያጅነት የሚመራው ሮብ ሄኒጋን ነበር። ያኔ ገና 30 ዓመቱ ነው፣ ሥራውን ከያዘ ሁለት ወር አልሞላውም። እኔ ደብተሬ ላይ የጻፍኩት ቃል በቃል እንዲህ ይላል፦ «ልጅ ነው። ደላሎቹ በሉት።»

ለምን ኤፍ ሰጠሁ? ሂሳቤ ቀላል ነበር። በሊጉ አንደኛውን ሴንተር (ቅርጫቱ ሥር የሚጫወት ረጅም ሰው) ሰጥቶ አንድም ኦል ስታር (ለሊጉ የኮከቦች ጨዋታ የተመረጠ) ያልተቀበለ ቡድን ምን ሊባል ነው? ቩቼቪች በመጀመሪያ ዓመቱ በጨዋታ በአማካይ 5.5 ነጥብና 4.8 ሪባውንድ (ስቶ የተመለሰ ኳስ መሰብሰብ) የነበረው ተቀያሪ ነው። የድራፍት ምርጫዎቹን ደግሞ «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ብዬ አለፍኳቸው። በዚህች እንኳ ብዙም አልተሳሳትኩም። ከሁሉ ትልቁ የተባለው የሌከርስ አንደኛ ዙር ምርጫ በሐረግ ላይ ሐረግ ተጠምጥሞበት ኖሮ 2017 ላይ ወደ ሁለተኛ ዙር ምርጫነት ወረደ። ላሚቱ ከሰማይ ሳትወርድ ፍየል ሆነች።

አሁን ስለ ሥራ ባልደረባዬ ላውራ። ሻንጣ ክፍል የሚሠራ የፊላዴልፊያ ልጅ ነበር። ስለ ከተማው ሲናገር ድምፁ ይለወጣል። በዚያ ዓመት ቡድኑ በሊጉ ምሥራቃዊ ምድብ አንደኛ የነበረውን ቺካጎን ከጥሎ ማለፉ አሰናብቶ ቦስተንን እስከ መጨረሻው ሰባተኛ ጨዋታ አድርሶት ነበር። የጎደለን ትልቅ ሰው ነው ይል ነበር፤ መጣለት። ባይነም 24 ዓመቱ ነው፣ በዚያ ወቅት በአማካይ 18.7 ነጥብና 11.8 ሪባውንድ ያስመዘገበ ኦል ስታር ነው። ያደገውም እዚያው ማዶ ኒው ጀርሲ ነው። ክለቡ በብሔራዊ የሕገ መንግሥት ማዕከል ሲያስተዋውቀው አድናቂው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ባልደረባዬ ፈረቃውን ለሰው ሰጥቶ ሄዶ አየው። ሲመለስ ለአንድ ሳምንት ያህል ሻንጣ ሲያነሳ ይዘፍን ነበር።

ከዚያ ጉልበት። ኦክቶበር ላይ ቀኝ ጉልበቱ ትንሽ ያርፍ ተባለ። ኖቬምበር ላይ ደግሞ ቦውሊንግ ሲጫወት ግራ ጉልበቱ ተጎዳ። አዎ፣ ቦውሊንግ። በዓመት 17 ሚሊዮን ዶላር የሚከፈለው ሰው ድቡልቡል ድንጋይ ሲያንከባልል። በየሳምንቱ የፀጉሩን ስታይል ቀይሮ ተቀያሪ ወንበር ላይ ይቀመጣል፣ እኛም ከጨዋታው ይልቅ ፀጉሩን እናወራለን። ማርች ላይ ሁለቱንም ጉልበቱን ቀዶ ሕክምና አደረጉለት። ለፊላዴልፊያ የተጫወተው ጨዋታ ብዛት ዜሮ ነው። አንድም ደቂቃ። ከዚያ በኋላ በክሊቭላንድና በኢንዲያና 26 ጨዋታ ተጫውቶ ከሊጉ ጠፋ።

ባልደረባዬ አልተሳደበም። በሰደበ ኖሮ ይሻል ነበር። ከጃንዋሪ ጀምሮ ስለ ቅርጫት ኳስ ማውራት አቆመ። እኔ ስጀምርለት «ቦውሊንግ» ይለኝና ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል።

ሌከርስም ቢሆን ኤ የሚያሰጠው አልነበረም። ኮቢ፣ ናሽ፣ ጋሶል፣ ሃዋርድ። ወረቀት ላይ ሲታይ ሠርግ ነው። ናሽ በሁለተኛው ጨዋታ እግሩ ተሰበረ። ከአምስት ጨዋታ አራቱን ሲሸነፉ አሰልጣኙ ማይክ ብራውን ተባረረ። ሃዋርድ በ2012 ኤፕሪል ጀርባውን ቀዶ ሕክምና አድርጎ የመጣ ሰው ስለሆነ እንደ ድሮው መዝለል አልቻለም። ያም ሆኖ በሪባውንድ ከሊጉ አንደኛ ሆነ። ይህን ማንም አያነሳለትም። ኤፕሪል 12 ቀን 2013 የኮቢ የተረከዝ ጅማት ተበጠሰ። በተበጠሰ ጅማት ቆሞ ሁለቱን ነጻ ውርወራ አስገብቶ ወጣ። ያን ሌሊት ሎቢው ውስጥ ቴሌቪዥኑ ድምፅ አልነበረውም፤ ግን ሁላችንም ዝም ብለን ቆመን አየን። ቡድኑ 45 አሸንፎ 37 ተሸንፎ ፕሌይኦፍ (ጥሎ ማለፍ) ገባ፣ ሳን አንቶኒዮ አራት ለዜሮ ጠረገው፣ ሃዋርድ የመጨረሻውን ጨዋታ በቴክኒክ ፋውል ከሜዳ ተባሮ ጨረሰ። ሎስ አንጀለስ ከተማ ውስጥ «ቆይ» የሚል ትልቅ ቢልቦርድ ሰቀሉለት። እሱ ግን በዚያው ክረምት ሂዩስተን ገባ። ቢልቦርድ ተሰቅሎለት የሄደ ሰው ከእሱ ሌላ አላውቅም።

ዴንቨር መጀመሪያ ላይ ከሁሉም የበለጠ ያማረለት ነበር። 57 ጨዋታ አሸነፈ፤ ክለቡ ኤንቢኤ ከገባ ወዲህ ያን ያህል አሸንፎ አያውቅም ነበር። ግን በመጀመሪያው ዙር በጎልደን ስቴት ተሰናበተ። ኢግዋዳላ ደግሞ ያሸነፈው ቡድን ውስጥ ገባ። በ2015 የፍጻሜው ምርጥ ተጫዋች ተብሎ ሽልማት ሲወስድ የለበሰው የጎልደን ስቴትን ማሊያ ነበር።

እንግዲህ ልብ በሉ። ሃዋርድ፣ ባይነም፣ ኢግዋዳላ። ልውውጡ ላይ ስማቸው በትልቁ የተጻፈው ሦስቱ ሰዎች፣ ሦስቱም፣ በ2013 ክረምት አዲሱን ቡድናቸውን ለቀው ወጡ። አንድ ወቅት ብቻ።

ያን ሌሊት ደብተሩን ይዤ ሳለሁ የቆጨኝ ይሄ ነው። ነገሩ ምሥጢር አልነበረም። የሃዋርድ ኮንትራት በ2013 እንደሚያልቅ ወረቀቱ ላይ አለ። የባይነምም እንዲሁ። ኢግዋዳላም በዚያው ክረምት የመውጣት መብት ነበረው። የባይነም ጉልበት ከዚያ በፊትም ተቀዶ ያውቃል። የሃዋርድ ጀርባ ከተቀደደ አራት ወሩ ነው። እነዚህን ሁሉ ያን ጊዜም አውቃቸው ነበር፤ ከገጹ ግርጌ በትንንሽ ፊደል ጽፌያቸዋለሁ። ግን ማርክ ስሰጥ ያየሁት ስም ነው። ሦስቱ ቡድኖች የገዙት ኮከብ ሳይሆን የአንድ ዓመት ኪራይ ነበር። ያ ልጅ ያልኩት ሄኒጋን ብቻ ነው ተከራይ አልፈልግም ያለው።

ይህን ስል ሄኒጋን ብልህ ነበር ብዬ ዘፈን ላወጣለት አይደለም። በመጀመሪያው ዓመት ኦርላንዶ 20 አሸንፎ 62 ተሸነፈ። ከሊጉ መጨረሻ። እርግጥ ዲሴምበር 31 ቀን 2012 ያ ተቀያሪ ያልኩት ቩቼቪች ማያሚ ሂት ላይ 29 ሪባውንድ ሰበሰበ። ሃዋርድ እንኳ በኦርላንዶ ማሊያ ያን ያህል ሰብስቦ አያውቅም። ጨዋታውን ግን ተሸነፉ። ቡድኑ ለስድስት ተከታታይ ዓመት ፕሌይኦፍ አላየም። ሄኒጋን በ2017 ተባረረ፤ የዘራውን ሳያጭድ። ስድስት ዓመት ቲኬት ገዝቶ ሽንፈት ያየ የኦርላንዶ አድናቂ ፊት ቆሞ «አሸንፈሃል» ማለት ድፍረት ይጠይቃል።

ፍሬው የታየው ዘግይቶ ነው። ቩቼቪች በ2019ና በ2021 ኦል ስታር ሆነ። ማርች 2021 ላይ ኦርላንዶ ለቺካጎ ሰጠው፤ በምላሹ ዌንዴል ካርተር ጁኒየርን፣ ኦቶ ፖርተርንና ሁለት የአንደኛ ዙር ምርጫዎችን ተቀበለ። ከምርጫዎቹ አንዱ በዚያው ዓመት ስምንተኛ ሆኖ ወጣ። ያ ምርጫ ፍራንዝ ዋግነር ነው። በ2024 ኦርላንዶ ከዋግነር ጋር የ5 ዓመት የ224 ሚሊዮን ዶላር ኮንትራት ተፈራረመ። ሁለተኛው ምርጫ በ2023 ጄት ሃዋርድ ሆነ። ሃዋርድ! ከድዋይት ጋር ዝምድና የለውም። ግን ስሙን ስሰማ ብቻዬን ሳቅኩ።

የእህቴ ልጅ ክፍሉ ግድግዳ ላይ የዋግነር ማሊያ አለው። ድዋይት ሃዋርድ ኦርላንዶ ተጫውቶ እንደሚያውቅ ግን አያውቅም ነበር። በማግስቱ ደብተሩን ይዤ ቤታቸው ሄድኩና ነገርኩት። ኤፉን አይቶ ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ጋሼ፣ ዋግነርን ኤፍ ነው ያሉት?» አለኝ። አሁን ተረጋግቷል ማለት ነው።

«ስለዚህ ኦርላንዶ አሸነፈ» አለ።

ቆይ አልኩት። እኔም እስከዚያ ሌሊት ድረስ እንደዚያ ነበር የማስበው። ግን ክሩን መጎተት ከጀመርክ ማቆሚያ የለውም።

ዴንቨርን እንይ። ኦርላንዶ የሄደው አፍላሎ በ2014 ተመልሶ ዴንቨር መጣ፤ በምትኩ ኢቫን ፎርኒዬ ኦርላንዶ ሄደ። ዴንቨር አፍላሎን ወደ ፖርትላንድ ልኮ ዊል ባርተንን አገኘ። ባርተን ዓመታት ተጫውቶ በ2022 ከሞንቴ ሞሪስ ጋር ዋሽንግተን ሲሄድ ኬንታቪየስ ካልድዌል-ፖፕ መጣ። በ2023 ዴንቨር የመጀመሪያ ዋንጫውን ሲያነሳ ካልድዌል-ፖፕ ከቋሚ አምስቱ አንዱ ነበር። እንግዲህ በክሩ ሕግ ዴንቨርም አሸነፈ። ካልድዌል-ፖፕ ደግሞ በ2024 ፈርሞ የገባው የት ነው? ኦርላንዶ። አፍላሎ የተነሳበት መንገድ ዞሮ ዞሮ እዚያው።

ፊላዴልፊያስ? የባይነም ውድቀት ቡድኑን አፈረሰው። አሰልጣኙ ዳግ ኮሊንስ ለቀቀ፣ ሳም ሂንኪ መጥቶ ሆን ብሎ ከመሠረቱ ናደው፣ በተከታታይ ተሸነፉ፣ ከመሸነፋቸው የተነሳ በ2014 በሦስተኛ ምርጫ ካሜሩናዊውን ጆኤል ኤምቢድን አገኙ። ኤምቢድ በ2023 የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ተባለ። ስለዚህ የባይነም ጉልበት ኤምቢድን ወለደች ሊባል ነው? ይህንን ለዚያ ለድሮው ባልደረባዬ ነግሬው አውቃለሁ። ትንሽ ዝም ብሎ «እሱም እኮ ጉልበቱን ያመዋል» አለኝ።

ሌከርስስ? ሃዋርድ በ2019 ወደ ሌከርስ ተመለሰ። በዝቅተኛ ደመወዝ፣ ተቀያሪ ሆኖ። በቀጣዩ ዓመት ኮሮና መጥቶ ሊጉ ፍሎሪዳ ውስጥ ዲዝኒ ወርልድ ተዘግቶበት ተጫወተ። ኦርላንዶ ማጂክ በመጀመሪያው ዙር ከሚልዋኪ ጋር ሲጫወት በመጀመሪያው ጨዋታ ቩቼቪች 35 ነጥብ አስቆጥሮ አሸነፉ። ከዚያ ግን አራት ለአንድ ተሸንፈው ወጡ። ኦክቶበር 2020 ላይ ሌከርስ ማያሚን በስድስት ጨዋታ አሸንፎ ዋንጫውን ወሰደ። ሃዋርድ በሕይወቱ የመጀመሪያውን የሻምፒዮንነት ቀለበት አገኘ። የት? ከስምንት ዓመት በፊት ጥሏት በሄደባት በኦርላንዶ፣ ተመልካች በሌለበት አዳራሽ። ያን ቀን ቴሌቪዥኑን ዘግቼ ደብተሩን ፈልጌ ነበር፤ አላገኘሁትም።

ክሩን በደንብ ካስረዘምነው አራቱም አሸናፊ ናቸው። አራቱም ያሸነፉበት ገበያ ደግሞ የውሸት ገበያ ነው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ኤፍ መስጠት ሞኝነት ከሆነ፣ አሥራ ሦስት ዓመት ጠብቆ ለሁሉም ኤ ማደልም ያው ነው። ዋግነርን የመረጠው ሄኒጋን ሳይሆን ከእሱ በኋላ የመጣው ጄፍ ዌልትማን ነው። ኤምቢድን የሰጠው ባይነም ሳይሆን ዕጣ ነው። ካልድዌል-ፖፕን እንኳ ተዉት።

እኔ እዚህ መሀል ላይ ነው የቆምኩት። አሁን ደብተሩን ብጽፈው ፊላዴልፊያን ኤፍ አልሰጠውም ነበር። የ24 ዓመት ሴንተር በዓመታት አንዴ ነው ገበያ የሚወጣው፣ ቦውሊንጉን ማንም አልተነበየም። ግን ኤ ማይነስም አልሰጠውም፤ ጉልበቱና ኮንትራቱ በአንድ ገጽ ላይ ነበሩና። ሲ ይበቃዋል። ለሌከርስ ቢ፤ 34 ዓመት ሊሞላው ጥቂት ቀን የቀረው ኮቢ ያለው ቡድን ዛሬን እንጂ ነገን መግዛት አይችልም፣ ስለዚህ ኪራዩ ያስኬደዋል። ዴንቨር ቢ ፕላሱ ይጽናለት። ኦርላንዶ ደግሞ ቢ። ኤ አይገባውም፤ ሊወጣ የቆረጠን ሰው ሸጦ ባዶ እጅ አለመቅረት ጥሩ ሥራ እንጂ ተአምር አይደለም።

ልጁ በዚህ አልተስማማም። ዋግነር ካለ ኤ ነው አለ። ልጅ ነው፣ ማሊያውም ግድግዳው ላይ ነው፣ ምን ላድርገው?

በሜይ 2025 ዳላስ 1.8 በመቶ ዕድል ይዞ የድራፍት ሎተሪውን (የመጀመሪያው ምርጫ ዕጣ) አሸንፎ ብዙ የተወራለትን ወጣት ኩፐር ፍላግን የመውሰድ ዕድል ሲያገኝ ደግሞ ደወለልኝ። በዚህ ጊዜ ቀን ነበር። «ጋሼ፣ ኤፉን ላንሳለት እንዴ?» አለ። ሎተሪ በልውውጡ ውስጥ የለም አልኩት። ኤፉ ሳይነሳ ቆየ። ልውውጡን የሠራው የዳላሱ ኒኮ ሃሪሰን በኖቬምበር ሲባረርም ልጁ ትንሽ ፎክሯል።

ደብተሩን ባሳየሁት በዚያ እሑድ ግን ከመሄዴ በፊት ከደብተሬ ባዶ ገጽ ቀድጄ ሰጠሁት። ሌከርስ ብሎ ጻፈ። ዳላስ ብሎ ጻፈ። ትንሽ አስቦ ዩታ ጨመረበት። ከዚያ ማርክ ይሰጣል ብዬ ስጠብቅ ስልኩን አወጣ።

«ምን ፈለግህ?» አልኩት።

«የሉካ ኮንትራት መቼ እንደሚያልቅ» አለኝ፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሳ። «የዩታውንም ልጅ ልየው።»